ከአልፑሃራ ኮረብቶች ይዤው የመጣሁት ትኩሳት

ጠዋት ጠዋት ደህና ነበርኩ። መከራዬም እሱ ነበር። ሐኪም ዘንድ የሚኬደው በጠዋት ነው፤ እኔ ደግሞ በጠዋት የታመመ ሰው አልመስልም። ቴርሞሜትሩን ምላሴ ሥር ያስቀምጡና «ደህና ነሽ» ይሉኛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዘወር ስትል ብርዱ ከጀርባዬ ተነስቶ ጥርሴን ያንገጫግጨዋል። ከብርዱ ቀጥሎ እሳቱ፣ ከእሳቱ ቀጥሎ ላቡ። አንሶላው እንደታጠበ ልብስ ይጨመቃል። በነጋታው ደግሞ ተነስቼ ሥራ እገባለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ይዞት «ትናንት እኮ ደህና ነበርክ» እየተባለ የሚኖር ሰው ካለ፣ ይህን አንብቦ ሐኪሙን እንዲጨቀጭቅ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከድጃ እባላለሁ። ዘመኑ የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። ከባለቤቴ ከኑሩና ከልጃችን ከሂክማ ጋር ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ባለች ዩለስ በምትባል ከተማ እንኖር ነበር፤ እኔ ኤርፖርት ቲኬት ካውንተር ላይ፣ ኑሩ ታክሲ ላይ። ካውንተር ላይ አብራኝ የምትሠራ ዴኒስ የምትባል የቴክሳስ ልጅ ነበረች። ልጅ አልኩ እንጂ በእድሜ ትበልጠኛለች። የተራራ ቢስክሌት ያስጀመረችኝ እሷ ናት። ግሬፕቫይን ሐይቅ ዳር ጫካ ለጫካ የሚሄድ ጠባብ መንገድ አለ፤ ሥር የበዛበት፣ ድንጋይ የበዛበት። መጀመሪያ ቀን ሦስቴ ወደቅኩ፤ ጉልበቴ ተላጠ። በሚቀጥለው ሳምንት ራሴ ደውዬ «እንሂድ» አልኳት። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ጦሳ ተራራ ሥር ነው ያደግኩት። ከዳገት ጋር የድሮ ትውውቅ ነበረኝ መሰለኝ፣ እግሬ ቶሎ ለመደው።

የአየር መንገድ ሠራተኛ በርካሽ ይበራል። አንድ የፀደይ ወር ላይ ዴኒስ «ስፔን እንሂድ፣ ቢስክሌት ተከራይተን ኮረብታ ለኮረብታ እንዙር» አለችኝ። ኑሩ አልወደደውም፤ ግን አልከለከለኝም። «ሂጂ፣ አንቺ መቼ ትቀመጫለሽ» ብሎ ኤርፖርት ድረስ ወሰደኝ።

የሄድንበት አገር አልፑሃራ ይባላል፤ ከግራናዳ በላይ፣ በረዶ የማይለቀው ተራራ ወገብ ላይ ነው። መንደሮቹ ነጫጭ ናቸው። ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ቤቶቹ ገደሉ ላይ እርስ በርሳቸው ተደግፈው የቆሙ ይመስላሉ። በየቁልቁለቱ እርከን አለ፣ በየእርከኑ ጫፍ የውኃ ቦይ አለ። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ሲያስረዳን፣ ቦዮቹን የቆፈሩት በድሮ ዘመን እዚያ ይኖሩ የነበሩ እስላሞች ናቸው። ግራናዳ ከወደቀች በኋላ ወደነዚህ ኮረብቶች ሸሹ፤ ቆይቶ ከዚህም ተባረሩ። ሰዎቹ ሄዱ፣ ውኃው ግን እስካሁን በሠሩለት መንገድ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን የተደረገ የድሮ መስጊድ ግድግዳ አሳየን። እጄን አሳረፍኩበት፣ ፋቲሓ ቀራሁ፣ ወደ ቢስክሌቴ ተመለስኩ።

ቀኑን ሙሉ እንጋልባለን። ዳገቱን ልባችን እስኪፈርስ እየረገጥን፣ ቁልቁለቱን ፍሬን እየያዝን። የትልልቅ ዛፎች ጥላ፣ የቦዩ ድምፅ፣ ከኋላ የዴኒስ ሳቅ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጎማዬ ተንፍሶ እርከን ዳር ስንጠግን አንዲት ፍየል የምትጠብቅ አሮጊት መጣች። ኤንካርና ትባላለች። ወገቧ ጎብጧል፣ እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ነው የምትራመድ። ዴኒስ በተሰባበረ ስፓኒሽ አናገረቻት። ሴትዮዋ ቤቷ ወሰደችን፣ ያን ጠዋት የረጋ ነጭ የፍየል አይብ ከማር ጋር አቀረበችልን። ያልፈላ ወተት አይብ ነው። ርቦን ነበር፤ ሳህኑን አበስነው። እስከምንመለስ በየቀኑ እሷ ዘንድ ጎራ እንል ነበር።

በሽታው በዚያ አይብ እንደገባ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ከተመለስኩ በኋላ ሳምንታት አልፈው ስለነበር ማንም ሁለቱን አላገናኛቸውም፤ እኔም ጭምር።

ሰኔ ላይ ጀመረኝ። መጀመሪያ ድካም፣ ከዚያ የወገብ ሕመም፣ ከዚያ ያ የከሰዓት ብርድ። የዳላስ ሙቀት ውጭ አስፋልት ሲያቀልጥ እኔ ካውንተር ላይ ሹራብ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። ቤታችን አቅራቢያ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። «ጉንፋን ነው፣ ፈሳሽ ጠጪ» አሉኝ። ጠጣሁ። ለጥቂት ቀን ተወኝ፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ ብሶ ተመለሰ።

ሁለተኛው ሐኪም ወጣት ነው። ስሜን አየ፣ «ከየት ነሽ?» አለኝ።

«ከዩለስ።»

«ማለቴ በትውልድ።»

«ኢትዮጵያ።»

ዓይኑ በራ። «ወባ!» አለ። «ከአፍሪካ የተመለስሽው መቼ ነው?»

«አገሬን ካየሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

«ተደብቆ ሊቆይ ይችላል» አለና ደሜን ደጋግሞ አስመረመረ። ወባ የለም። ከዚያ «ሳንባ ነቀርሳ ይሆናል» አለ። ክንዴን ወጉኝ፣ ቆዳዬ አበጠ። ነርሷ ያበጠውን ስታይ ጭምብል አደረገች፤ እኔንም አስደረገችኝና ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝ። ግድግዳው ላይ የሚስቁ ጥርሶች ሥዕል ነበር። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ መስኮት የለውም፣ ተቀመጥኩ። የሳንባዬ ራጅ ንጹሕ ሆነ። ክንዴ ያበጠው በልጅነቴ በተከተብኩት ክትባት ሊሆን እንደሚችል የነገሩኝ በኋላ ነው።

ስለ ስፔን ነግሬው ነበር? አዎ፣ ነግሬዋለሁ። «ጥሩ ቫኬሽን ነበር?» ብሎ ወደ አፍሪካው ተመለሰ።

ነሐሴ ላይ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። ያኔ ነው ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የኤድስ ምርመራም ይደረግ ያለው። ማታ ለኑሩ ነገርኩት። ራት እየበላን ነበር። ሂክማ ቴሌቪዥን ላይ ናት።

«ለምን?» አለ።

«ከከሳ፣ ትኩሳት ካልለቀቀው ለማንም ይደረጋል አሉኝ።»

ሹካውን አስቀመጠ። «ስፔን ማን ነበር ከእናንተ ጋር?»

«ዴኒስና እኔ ነና።»

«ሌላስ?»

«ኑሩ!»

«ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ?»

ምንም አላለም፣ እውነቱን ነው። ምንም ሳይል ትራሱን ይዞ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኛ። «ሌሊት ትገላበጫለሽ፣ እኔ ደግሞ በጠዋት እነዳለሁ» አለ። እገላበጥ ነበር፤ ውሸት አልነበረም። ጀርባዬ አንድ ጎን አያስተኛኝም፣ እግሬ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም፣ ሐሳቤም እንደ እግሬ። ልጄን ማን ያሳድጋታል? ምን ብለው ይቀብሩኛል? ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ እመላለሳለሁ። ውጤት እስኪመጣ እንዲህ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ሂክማ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «ማሚ፣ አባቢ ለምን ያንቺን ከፕ ለብቻው ዋሽ ያደርጋል?» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። ብርጭቆዬ ከሌሎቹ ተለይቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። እንደዚያ ቀን የተቃጠልኩበት ትኩሳት የለም።

ወሬው መቼም እግር አለው። ኑሩ አንድ ጓደኛውን ብቻ አማከረ፣ እሱ ለሚስቱ ነገረ። የሚጠይቁኝ ሰዎች በር ላይ ቆመው «አፊያ ይስጥሽ» ብለው የሚመለሱ ሆኑ። ከእነሱ መሃል እንደ እናት የምናያቸው ያገራችን አሮጊት እማማ ዘሃራ ብቻ ገቡ። ካሮልተን ከምትባል ጎረቤት ከተማ ልጃቸው አምጥቷቸው ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ዱዓ አደረጉልኝ። ከዚያ ከኮሞዲኖው ላይ እኔ ጀምሬ የተውኩትን ብርጭቆ አንስተው ጭልጥ አድርገው ጠጡት።

«እማማ፣ ይቅርብዎት! ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም» አልኳቸው።

«ውኃ ነው እንጂ ምንድነው ልጄ» አሉ። «ጠማኝ።»

በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ እሳቸው እዚያው እንደተቀመጡ።

ውጤቱ ነጻ ሆነ። ኑሩ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ሶፋውን ግን አልለቀቀም። «ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል ይላሉ» አለ። ሶ፣ ነጻ መሆኔም አልጠቀመኝም።

ሌላ ሐኪም ሞከርኩ። እሱ ደግሞ ወረቀቴን ሁሉ አይቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ በደግ ድምፅ «ስደት ከባድ ነው» አለኝ። «አንዳንድ ጊዜ ኀዘን በሰውነት ላይ ይወጣል።» ኀዘን አለብኝ፣ ግን የእኔ ኀዘን ስደት አይደለም፤ ትኩሳት ነው። «እዚህ ቤት አለኝ፣ ሥራ አለኝ፣ ዜግነት አለኝ፣ ቢስክሌት አለኝ» አልኩት። ፈገግ ብሎ የሚያረጋጋ መድኃኒት ጻፈልኝ። መድኃኒቱ አባሰብኝ። አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። ትኩሳቱ ከመምጣቱ በፊት ያለችውን ሰዓት የአፓርትማውን መኪና ማቆሚያ እየዞርኩ አሳልፋታለሁ፤ አውሮፕላኖቹ በራሴ ላይ ጎማቸውን ዘርግተው ያልፋሉ፣ እኔ እዞራለሁ። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ሰውም እየሸሸኝ፣ እኔም ሰው እየሸሸሁ ስልክ ማንሳት ተውኩ።

ዴኒስ በዚያ ሁሉ መሃል የለችም። ከስፔን እንደተመለስን ሥራውን ትታ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ወደ ዴንተን ተዛውራለች። ሁለት ጊዜ መልእክት ትታልኝ ነበር፤ አልመለስኩላትም። ታምሜያለሁ ማለት ሰልችቶኝ ነው። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ቢስክሌቷን ልትሰጠን እንደምትፈልግ የሚል ሦስተኛ መልእክት መጣ። «ሂክማ ስታድግ ይሆናታል፣ እኔ ከእንግዲህ አልነዳም» ትላለች። ዴኒስና አለመንዳት! ወዲያው ኮል አደረግኳት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ዳሌዬን ነው ካዲ። ከስፔን ወዲህ ቀኝ ዳሌዬ አልለቀቀኝም። የአጥንት ሐኪሙ 'በእድሜሽ ያንን ሁሉ ዳገት ምን አስወጣሽ' አለኝ።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አጠበቅኩት። «ዴኒስ፣ ሌሊት ያልብሻል?»

«እንዴት አወቅሽ? ያው የወር አበባዬ የሚቋረጥበት ጊዜ ደርሶ ነው አሉኝ።»

«ብርድስ? ከሰዓት በኋላ?»

ቀስ ብላ «አንቺም?» አለችኝ።

መኪና ለመንዳት አቅም አልነበረኝም፤ ግን ነዳሁ። ዴንተን ስደርስ በር ከፈተችልኝ፤ ግድግዳውን ይዛ ነው የምትራመድ፣ ጉንጯ ገብቷል። በሩ ላይ ተቃቅፈን ቆምን። ሕመማችንን ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጠን ስናነጻጽር አንዱ በአንዱ ላይ ልክ እንደ ክዳን ገጠመ። እኔ ትውልዴ ታየ፣ እሷ እድሜዋ ታየ። ሕመሙን ያየ ግን አልነበረም።

ዴኒስ መጮህ ትችላለች። ለቤተሰብ ሐኪሟ ደውላ «ሁለት ሰው ነን፣ አንድ አገር ሄድን፣ አንድ ዓይነት ትኩሳት ይዞናል፤ ይህ እድሜ ነው?» አለችው። ፎርት ዎርዝ ወዳለች የተላላፊ በሽታ ሐኪም ላከን። ሁለታችንም አብረን ገባን። ሐኪሟ ሽበታም፣ ቀጭን ሴት ናት። ወረቀታችንን ጎን ላይ አደረገችው።

«እዚያ ምን ነካችሁ? ምን ጠጣችሁ? ምን በላችሁ?» አለች።

ዴኒስና እኔ ተያየን። «አይብ» አልን።

«ከምን ወተት?»

«ከፍየል።»

«ወተቱ ፈልቶ ነበር?»

«አልነበረም። የዚያኑ ዕለት ጠዋት የረጋ ነው።»

ሐኪሟ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። «ብሩሴሎሲስ ይመስለኛል» አለች። አስረዳችን፦ የከብትና የፍየል በሽታ ነው፤ እነሱን ያስወርዳቸዋል። ባልፈላ ወተትና አይብ ወደ ሰው ይገባል። ትኩሳቱ እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ወገብና ዳሌ ይይዛል፤ መንፈስንም ያውካል። «እዚህ አገር እምብዛም አይታይም፣ ስለዚህ ማንም አያስበውም» አለች። «ሳይታወቅ ከቆየ ይጎዳል። ሲታወቅ ግን ይድናል።» ሲታወቅ ግን ይድናል። መኪናችን ውስጥ ገብተን ዴኒስ ቃሉን በቴክሳስኛዋ ደጋግማ ስትለው ሳቅ ጀመረን፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

የደም ምርመራው የሁለታችንንም አረጋገጠ። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ታዘዘልን። አንድም ቀን እንዳንዘል፣ ደህና ነን ብለን እንዳናቆም አስጠነቀቀችን። አንደኛው እንክብል ሆድ ይበጠብጣል፣ ፀሐይ ላይ ቆዳ ያቃጥላል። ሌላኛው ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ብርቱካን ያደርጋል። ይህንን ለኑሩ መንገር ረሳሁ።

ለኑሩ የነገርኩት የበሽታውን ስም ነው። ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወጣ። ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ እሑድ ጠዋት መኝታ ቤት በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«እኔም ተመርምሬ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ያንን። የኤድሱን። ለብቻዬ ሄጄ። አንቺ ውጤትሽን ስትጠብቂ።» ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። «ነጻ ነሽ ሲሉሽ እንኳ አላመንኩም። ወላሂ ከድጃ፣ ብርጭቆሽን በበረኪና ሳጥብ አፍር ነበር። ግን አጥብ ነበር።»

እንባዬ መጣ። ኑሩ ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«ደም! ዓይንሽ! ከድጃ፣ ዓይንሽ ይደማል!»

በመሐረቤ ጠረግኩት፤ መሐረቡ ብርቱካን ሆነ። ኑሩ በባዶ እግሩ ወደ መኪና ቁልፉ ሮጠ። «መድኃኒቱ ነው! ኑሩ፣ መድኃኒቱ ነው!» እያልኩ ከኋላው ተከተልኩት። ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ የእሱ እንባ ግን ነጭ ነው። ወዲያው ይቅር አልኩት ብል ውሸት ይሆናል። አጠገቡ ግን ተቀመጥኩ። ሶፋው በዚያ ሳምንት ሰው አጣ።

መዳን እንደማሰቤ አልሆነም። መድኃኒቱን ጨርሼ አንድ ወር ያህል ደህና ከሆንኩ በኋላ ያ ብርድ ተመለሰ። ሐኪሟ አልደነገጠችም፤ «ይህ በሽታ አንዳንዴ ይመለሳል» ብላ ሁለተኛ ዙር አዘዘችልኝ። ዴኒስን በአንዱ ዙር ለቀቃት፤ ቀናሁባት፣ ከዚያ አፈርኩ። ክረምቱን እየተቆጣሁ፣ እየተነጫነጭኩ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ አሳለፍኩት። ሂክማ እንኳ «ማሚ፣ ጀስት ሲት!» ትለኝ ነበር።

በዚያ መሃል ዴኒስ ስፔን ያረፍንበት ቤት ደወለች፤ የባለቤቱ ልጅ እንግሊዝኛ ትችላለች። የኤንካርናን ፍየሎች እንዲመረምሯቸው ነገረቻት። ሰነባብታ ልጅቷ ደወለች። ፍየሎቹ ተመርምረዋል፣ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ኤንካርናንም ግራናዳ ሆስፒታል ወስደዋታል፤ ለዓመታት ይዟት ኖሯል። «ወገቧን፣ ላቡን፣ ብርዱን እርጅና መስሏት ነበር» አለችን ልጅቷ። አሁን መድኃኒት እየወሰደች ነው። ፍየሎቿን ስላጣች እንዳዘነች፣ በእኛ ግን እንዳልተቀየመች ነገረችን። ፈውሱ ለእሷ የደረሰላት በሁለት እንግዶች ሆድ በኩል ነው፤ የአላህ ሥራ እንዲህ ነው።

ይህን ለሚያነብ አንድ ነገር ልበል። ወተት አፍሉ። ግን ከወተቱ ይበልጥ፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የሄዳችሁበትን፣ የበላችሁትን፣ የነካችሁትን ሳትጠየቁም ተናገሩ። አንዴ ነግሬዋለሁ ብላችሁ አትተዉ። ደግሞ ከእናንተ ጋር የነበረ ሰው ካለ ደውሉለት። እኔ ስልክ ባነሳ ኖሮ ያ በጋ እንዲያ ባልሆነ።

የመጨረሻው አፖይንትመንቴ ቀን ኑሩ ታክሲውን አቁሞ ራሱ ወሰደኝ። ሐኪሟ ደሜን አይታ፣ ጀርባዬን ነክታ፣ «ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግሽም» አለች። ከፎርት ዎርዝ ስንመለስ መንገዱ ላይ መኪና በዝቶ ነበር። ኑሩ ሬዲዮ ከፈተ፣ ዘጋ። መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለ።

አሁንም ያ ጥያቄ መሰለኝ። «ጠይቅ።»

«ከመጣሽ ጀምሮ ማን ነበር ብቻ ነው የጠየቅኩሽ። ኮረብታው እንዴት ነበር?»

ጀመርኩለት፤ ቦዩን፣ ግድግዳውን፣ ቁልቁለቱን፣ ንፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ሲያፏጭ ዴኒስ ከኋላ «ፍሬን! ፍሬን!» እያለች ስትጮህ። አንድ ቦታ ላይ ሳቀ። አንድ ቦታ ላይ «ሰዎቹ ተባረው ውኃው ቀረ?» አለ። እጄ ጭኔ ላይ አርፎ ነበር፤ የማረፉን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ወደ ቤታችን የሚወስደው የዩለስ መውጫ በቀኝ በኩል መጣ። ኑሩ ፍሬቻ አላሳየም።

«አለፍከው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ቀጥዪ።»